ከለስላሳው ፍሪጅ የበቀለ

ጂብሪል የሞተው ጥር 24 ቀን 2014 ዓ.ም.፣ ማክሰኞ፣ ሱብሒ ሰግዶ ጫማውን ሲያጠልቅ ነው። መጨረሻ የተናገረው ስለ ሞት አልነበረም። የፍሪጁ በር ገርበብ ብሏል አለኝ። ልዘጋ ስነሳ ከኋላዬ ወደቀ። በሩን ዘግቼ ነው የዞርኩት።

ፍሪጁ ለስላሳ መጠጥ የሚሸጥበት ባለመስታወት በር ነው። ጂብሪልና ታናሽ ወንድሙ ዛኪር ካርቱም፣ ባሕሪ በሚባለው ሰፈር ውስጥ ፍሪጅና ኤሲ የሚጠግኑበት ወርሻ ነበራቸው። አንድ ባለሱቅ ሊያስጠግነው አምጥቶ በዚያው ቀረ። ጂብሪል ሞተሩን ቀይሮ፣ ነጭ መብራት ገጥሞ ወደ ቤት አመጣው። እኔ ቀዝቃዛ የከርከዴ መጠጥ ልሸጥበት አስቤ ነበር። እሱ የዘባዲ እርጎ ባዶ ኩባያዎች ደረደረበት። ኩባያዎቹ ውስጥ አሸዋና ደቃቅ ጠጠር አለ፤ ጠጠሩ ላይ ካልተነገረ በቀር የማይታይ፣ ብናኝ የሚያህል ዘር።

ዘሩ የሚመጣው ቼክ ከሚባል አገር ነው። እዚያ በየተራራው እየወጣ የብርቅ አበቦችን ዘር የሚለቅም አንድ ሽማግሌ አለ። በየዓመቱ መኸሩን ሲጨርስ ምን ምን እንዳገኘ፣ ከየትኛው ተራራ፣ ከምን ያህል ከፍታ እንደለቀመው ጽፎ ለደንበኞቹ በኢሜይል ይልካል። ከአንዳንዱ አበባ የሚያገኘው ዘር እፍኝ ስለማይሞላ የቀደመ ይወስደዋል። ጂብሪል ሥራውን ጥሎ ኢሜይሉን በስልኩ መተርጎሚያ እያነበበ ያዝዝ ነበር። ሽማግሌው ወደ ሱዳን ፖስታ ስለማይልክ ዘሩ አዲስ አበባ ይደርሳል፤ ከዚያ በመተማ በኩል በርበሬና ሽሮ የሚያመላልሰው ስለሺ በርበሬው መሃል ሸጉጦ ያመጣዋል።

ስለሺ ባስረከበ ቁጥር ያው ነገር ነበር የሚለው። "ጂብሪል፣ ለዚች ብናኝ ፖሊስ ቢይዘኝ ምን እላለሁ? አበባ ነው ብል ይስቁብኛል፣ አይደለም ብል ያስሩኛል።"

በመጀመሪያው ዓመት ምንም አልበቀለም። ጂብሪል የወሎ፣ የጉጉፍቱ ሰው ነው። አባቱ ገብስ ሲዘራ አይቶ ያደገ ስለሆነ ዘሩን አፈር አልብሶ ደህና አድርጎ ቀበረው። ባይቀበር ወፍ ይለቅመዋል አለኝ፤ እኔም እውነት መሰለኝ። በተዘጋ ፍሪጅ ውስጥ ወፍ ከየት እንደሚመጣ ሁለታችንም አላሰብንም። ለሽማግሌው ቢጽፍለት፣ እነዚህ ዘሮች ብርሃን ካላዩ አይነሱም፣ ከላይ ነስንሰህ ተዋቸው ብሎ መለሰለት። በሁለተኛው ዓመት ነሰነሰ። በቀሉ። የካርቱም ሙቀት ሲብስና መብራት መጥፋት ሲያበዛ ግን ሁሉም ተራ በተራ ሟሸሹ።

ሰፈሩ ሳቀበት። ዛኪር "ወንድሜ ለአፈር ኤሲ ገዛለት" እያለ ለደንበኞች ያወራ ነበር። እኔም ከርከዴዬን አልረሳሁም፤ አንድ ቀን ይሄ ነገር ምን ይሠራልሃል አልኩት። ይቆጣል ብዬ ጠብቄ ነበር፣ አልተቆጣም።

"ዕድሜዬን ሙሉ የሞተ ሥጋ እንዳይሸት ሳቀዘቅዝ ኖርኩ" አለኝ። "አንዲት የምትተነፍስ ነገር ላቆይበት። አንዷ የሰኔን ሙቀት ትለፍልኝ፣ ከዚያ ፍሪጁን ውሰጂው።"

በሦስተኛው ዓመት የዘራቸው ናቸው ሲሞት ፍሪጁ ውስጥ የነበሩት።

ለለቅሶ የመጡት ሴቶች ውሃ የሚያቀዘቅዙበት ፈለጉ። ኩባያዎቹን አውጥተው በረንዳ ላይ ደረደሩና ፍሪጁን በውሃ ሞሉት። ፍራሽ ላይ ተቀምጬ አየሁ። ለቀስተኛው ሲበተን አንዱ ኩባያ ተረግጦ፣ ሌላው ውስጥ የሻይ ቅጠል ተደፍቶበት አገኘሁ። የቀሩትን መልሼ አስገባሁ። ስለ አበባው አስቤ አይደለም። ባዶውን ፍሪጅ ማየት ስላልቻልኩ ነው። በረንዳው ላይ ማደራቸው ጎድቷቸው ይሁን ጠቅሟቸው እስከ ዛሬ አላውቅም።

በረመዳን አንድ ኩባያ ውስጥ ሁለት አረንጓዴ ቅጠል አየሁ። ሁለቱም አንድ ላይ የምስር ክክ አያክሉም። ኩባያው ላይ ጂብሪል "ሰማያዊው" ብሎ ጽፎበታል፤ በበረዶ ዳር የሚወጣ፣ ሽማግሌው በጣም ጥቂት ዘር ብቻ ያገኘለት አበባ ነው። የቀሩት ኩባያዎች ዝም አሉ። ጂብሪል ሲያደርግ እንዳየሁት ከሥር በሰሐን ውሃ እያደረግኩ ጠበቅኩ።

ከዒድ በኋላ መብራት ግማሽ ቀን መጥፋት ጀመረ። ፍሪጁ ሲጠፋ መስታወቱ ያልበዋል፣ ውስጡ እንደ ክፍሉ ይሞቃል። ከበረዶ ሻጩ በረዶ እየገዛሁ አጠገቡ አስቀመጥኩ። አንደኛው ቅጠል ጫፉ ቢጫ ሆነ።

ካርቱም ሁለት በሚባለው ሰፈር የምትሠራው የአክስቴ ልጅ የሬሕማ አሠሪዎች ቤት ጄኔሬተር አለው። የመድኃኒትና የእህል ማስቀመጫው ክፍል ውስጥ ኤሲ ቀንና ማታ አይጠፋም። ሬሕማ ማዳሟን አስፈቅዳ አምጪው አለችኝ። እሷ ግን እስከ ወሩ መጨረሻ ከቤት አትወጣም፤ እኔ ደግሞ ዒዳ ላይ ነኝ። ባል የሞተባት ሴት አራት ወር ከአሥር ቀን ከቤቷ አትወጣም፣ አታጌጥም፣ ሽቶ አትቀባም። የቀረኝ ጊዜ ብዙ አልነበረም፣ ቅጠሉ ግን ያንን የሚጠብቅ አይመስልም ነበር።

ዛኪርን እንዲወስድልኝ ለመንኩት። ቆሞ ኩባያውን ከሩቅ አየው። ባለወርሻነቱን ሰው ሁሉ የሚያውቅለት እሱ፣ በትልቁ ገበያ በሱቅ ዐረቢ መሃል አፈር ታቅፎ እንደማይሄድ ነገረኝ። ወንድሜን ከቀበርኩ ወዲህ ሰው እንዲያዝንልኝ እንጂ እንዲስቅብኝ አልፈልግም አለ። ራሴ እወስደዋለሁ ስለው ፊቱ ተለወጠ።

"ሉጤ፣ ለቅጠል ብለሽ ዒዳ ልትሰብሪ ነው? ሰው ምን እንደሚል ታውቂያለሽ?"

ምን እንደሚል አውቃለሁ። ስለዚህ ለሸኽ አብዱልሰላም ደወልኩ። ባሕሪ ላለነው የወሎ ልጆች ቁርኣን ያስቀሩ፣ ኒካሐችንን ያሰሩ፣ በጂብሪል ጀናዛ ላይም ያሰገዱ እሳቸው ናቸው። ነገሩን ከመጀመሪያው ነገርኳቸው። በመሃል አላቋረጡኝም።

"የሚበላ ነው?" አሉኝ።

"አይደለም ሸኽዬ።"

"መድኃኒት ነው?"

"አይደለም።"

"ታዲያ ምንድን ነው ልጄ?"

"የጂብሪል ነው" አልኩ።

ጉሮሯቸውን ጠረጉ። ዒዳ ላይ ያለች ሴት የግድ የሆነ ጉዳይ ካላት በቀን መውጣት እንደምትችል፣ ማደር ያለባት ግን ቤቷ እንደሆነ አስረዱኝ። የግድ መሆን አለመሆኑን የሚያውቀው ባለጉዳዩ ነው አሉ።

"እኔ በቅጠል ላይ ፈትዋ አልሰጥም። ፀሐይ ሳትጠልቅ ግን ቤትሽ ግቢ።"

በማግስቱ ረፋድ ላይ ኩባያውን በረዶ በያዘ የውሃ ማቆያ ሐፋዛ ውስጥ አስቀምጬ፣ ክዳኑን ለአየር ትንሽ ከፍቼ ወጣሁ። ከቤት ከወጣሁ ወራት ስለሆነኝ ብርሃኑ ዓይኔን ወጋኝ። ወንዙን የሚያሻግረው ድልድይ ላይ መኪና ተጨናንቆ የተሳፈርኩበት አውቶቡስ፣ ሐፍላው፣ ቆመ። አጠገቤ የተቀመጠች ሱዳናዊት አይስክሬም ነው? አለችኝ። አይደለም አልኩ። ዓሣ ነው? አለች። ከፍቼ አሳየኋት። ሁለቱን ቅጠል ፈልጋ አጣቻቸው፤ በጣቴ ጠቆምኩላት። ማሻአላህ አለች፣ ከዚያ እስክትወርድ ድረስ ፀሐዩን በፎጣዋ ጋረደችልኝ።

ሱቅ ዐረቢ ወርጄ ሌላ ሐፍላ ስፈልግ በረዶው ወደ ውሃ እየተለወጠ ነበር። የሚሞላው ሐፍላ አልሞላ ሲል በእግሬ ሄድኩ። ሬሕማ በሩ ላይ ጠበቀችኝ፤ ሐፋዛውን ተቀብላኝ ቀድማኝ ገባች። ክፍሉ የሩዝ ጆንያና የአሠሪዋ ኢንሱሊን ብቻ ያለበት፣ ሰው የማይቀመጥበት፣ መስኮቱ ወደ ሰሜን የሚያይ ነው። ኩባያውን መስኮቱ ሥር አስቀመጥን። ያደረው ቢጫ ጫፍ እዚያው ነው፣ አልጨመረም። ሬሕማ ሻይ ላፍላልሽ አለችኝ፤ እንቢ ብዬ ተመለስኩ።

ፀሐይ ከመጥለቋ በፊት ደረስኩ። ዛኪር በራችን ላይ ተቀምጧል። ሰው እንደነገረው ገባኝ፤ ሊናገረኝ አዘጋጅቶ እንደመጣም ከአቀማመጡ ታወቀኝ። ባዶውን ሐፋዛ አየ። ተቀብሎኝ ወደ ቤት አስገባው። ገብቶ ፍሪጁን ከፈተ፣ የቀሩትን ኩባያዎች አንድ በአንድ እያነሳ አየ።

"የትኛው ነበር?" አለ።

"እዚህ የለም፤ ወሰድኩትኮ።"

"አውቃለሁ። የትኛው ቦታ ላይ ነበር ማለቴ ነው።"

ሁለተኛውን መደርደሪያ አሳየሁት። እጁን እዚያ ላይ አድርጎ ቆየ። ከዚያ መሣሪያውን ከወርሻ አምጥቶ የማይገጥመውን የበሩን ጎማ ቀየረ። ስለ ዒዳው አላነሳም፤ ከዚያ ወዲያም አላነሳም።

ሰኔ ላይ ዒዳዬ አለቀ። መጀመሪያ የሄድኩት ካርቱም ሁለት ነው። ሰማያዊው አራት ቅጠል ሆኖ ነበር። ሰኔ አለፈ፣ ሐምሌም አለፈ። ዛኪር ሁለት ጊዜ አብሮኝ ሄዶ አይቶታል፤ ሁለተኛው ጊዜ ላይ ኤሲውን ሳይጠይቁት ፈትቶ አጠበው። ፍሪጁን ወሰድኩ፣ ከርከዴ ሸጥኩበት። አበባውን ማንም አላየውም፤ ሽማግሌው በጻፈለት መሠረት ለማበብ ሦስት ዓመት ይፈልጋል።

በሚያዝያ 2015 ጦርነቱ ሲነሳ የሬሕማ አሠሪዎች እሷን ይዘው ወደ ፖርት ሱዳን ወጡ። መኪናው ላይ ቦታ ስላልነበረ ኩባያው መስኮቱ ሥር ቀረ። ሬሕማ ውሃ አጠጥታ፣ ኤሲውን እንደበራ ትታ በሩን ቆለፈች። የሰፈሩ መብራት በሳምንቱ ተቋረጠ።