ሙያሽ አይደል እንዴ?

ነርሷ ከአዳር ሥራ ስትመለስ፣ ጫማዋን ለማውለቅ እንኳ ግድግዳ መደገፍ ነበረባት። ሌሊቱን ሙሉ ሰው ስታነሳ፣ ሰው ስታስተኛ፣ "እህቴ ነይልኝ" ወዳለው ሁሉ ስትሮጥ ያደረች ሴት ናት፤ እግሯ አብጦ የካልሲው ላስቲክ ቆዳዋ ውስጥ ገብቷል። ያማራት አልጋ ብቻ ነበር። ማን ሊሰጣት! ሳሎን ውስጥ ሁለቱ ወንድሞቿ፣ መምህሩና ሾፌሩ፣ ቁጭ ብለው ይጠብቋታል።

ወንድሞቿ ስላችሁ ከአንድ ሆድ የወጡ እንዳይመስላችሁ። ወላጅ እናቷ በወለደቻት ሰሞን ስትሞት አክስቷ፣ የሁለቱ ወንዶች እናት፣ ወሰደቻት፤ ሾፌሩም ያኔ ጡት አልተወም ነበርና አንዱን በግራ አንዷን በቀኝ አድርጋ አጠባቻቸው። "እማዬ" ብላ ያደገችው እሷን ነው። አሁን እማዬ ግማሽ ጎኗ አልታዘዝ ብሏት መኝታ ቤት ተኝታለች። የሚያጥባት፣ ልብሷን የሚቀይርላት፣ ጀርባዋ እንዳይቆስል የሚያገላብጣት ሰው ትፈልጋለች። እስከ ዛሬ ያ ሰው ማን ነበር? ነርሷ ናታ! ሌሊት ሆስፒታል፣ ቀን እዚህ። ትናንት ግን ደውላ "ብቻዬን አልቻልኩም፣ ተራ እናውጣ" አለቻቸው፤ የመጡትም ለዚሁ ነው።

"እስቲ ተቀመጪ" አላት መምህሩ፤ በገዛ ቤቷ እንግዳ ሆና አረፈችው። "ተመካክረን ጨርሰናል።"

"ያለ እኔ?"

"አንቺማ አዳር ነበርሽ።"

የጨረሱት ነገር ይሄ ነው፦ እነሱ እሁድ እሁድ ብቅ ይላሉ፣ መድኃኒት ሲያልቅ ይገዛሉ። የቀረው የእሷ ነው። አይ መመካከር!

"እኛማ ብንነካት እንሰብራታለን" አለ ሾፌሩ፣ ዓይኑን ከወለሉ ሳይነቅል። "ላንቺ ግን ሙያሽ አይደል እንዴ? ተባብረን እንይዛታለን፤ ድር ቢያብር አንበሳ ያስር ሲባል አልሰማሽም?"

ድሩም እሷ፣ አሳሪዋም እሷ! ሌላ ቀን ቢሆን ልክ ልካቸውን ትነግራቸው ነበር። ያን ጠዋት ግን አልሆነላትም፤ ቁጣም አቅም ይፈልጋል።

"ጋሼ፣ እኔ እወድቃለሁ" አለችው ታላቁን። "አንድ ቀን እሷን እንዳቀፍኩ እወድቃለሁ። ከዚያ ሁለታችንንም ታነሳላችሁ።"

መምህሩ እንግሊዝኛ ሲያስተምር የሸበተ ሰው ነው። ክፉ ሰው አይደለም፤ እናቱ እንዲህ ሆና ማየት ስላስፈራው ነው የሚሸሸው። ሲጨንቀው ደግሞ ሌላው ወደ መጠጥ እንደሚሄደው እሱ ወደ ቃላት ይሄዳል።

"ያንቺ ሥራ እኮ ዝም ብሎ ሥራ አይደለም" ብሎ ጀመረ። "ነርስ የሚለው ቃል ከየት እንደመጣ ታውቂያለሽ?"

ለቀባሪው አረዱት! ነርሷ ዓይኗን ጨፈነች።

"እንግሊዞቹ ከፈረንሳዮች ነው የወሰዱት፤ የፈረንሳዮቹ ደግሞ ከላቲን የመጣ ነው። ሥሩ መመገብ፣ ማጥባት ማለት ነው። ድሮ ነርስ ሲባል በሽተኛ የምታስታምም አልነበረችም። ቆይቶ ሕፃን የምታሳድግ ሞግዚትም ነርስ ተባለች፤ በሽተኛ ማስታመሙ ግን በኋላ ነው የመጣው። ከሁሉም በፊት ነርስ ማለት የሌላ ሰው ልጅ ተቀብላ፣ ጡቷን አጥብታ…"

መምህሩ የሚናገረውን ገና አሁን የሰማው ይመስል ወደ መኝታ ቤቱ በር ዞረ። ሾፌሩም ቀና አለ።

"ምነው አቆምክ? ጨርሰዋ" የሚል ድምፅ ከውስጥ መጣ። እማዬ ናት። ምላሷ ስለሚከብዳት ቃሉን እየጎተተች ነው የምታወጣው።

ሦስቱም ተያይተው ገቡ።

"ስትሰሚን ነበር እንዴ?" አላት ሾፌሩ፣ አፍሮ።

"ጎኔ ነው እንጂ ጆሮዬ መች ታመመ።"

እማዬ ግን እሱን አላየችውም። የምታየው የነርሷን እግር ነው። "ይሄ እግር ምንድን ነው?" አለች። "ሰው አይቶ ዝም ይላል?" እውነቷን ነው፤ ሳሎን ተቀምጠው ያን ሁሉ ሲያወሩ ማንም አላየውም። በደህናዋ እጇ ብርድ ልብሱን ገለጠች። "ነይ ሆዴ፣ ግቢ።"

"እማዬ፣ ልብስሽን እንኳ አልቀየርኩልሽም፤ የመገላበጫ ሰዓትሽም ደርሷል…"

"እነሱ አሉ አይደል? ግቢ አልኩሽ!"

ነርሷ የአልጋውን ጠርዝ ይዛ ጋደም አለች። ተኚ የሚላት ሰው ካጣች ስንት ዘመኗ! ድምፅ ሳታሰማ አለቀሰች፣ እንባዋ ሳይደርቅም እንቅልፍ ወሰዳት።

ወንዶቹ እጃቸውን የሚያደርጉበት አጥተው ቆሙ። መምህሩ ጎንበስ ብሎ የነርሷን ትከሻ ሊነካ ሲል እናቱ እጁን ያዘችው።

"ምን ልታደርግ ነው?"

"እንዴት እንደማገላብጥሽ ልጠይቃት…"

"እኔን ጠይቀኝ። ገላው የኔ አይደል?"

ታናሹን ለብ ያለ ውሃና ንጹሕ ልብስ እንዲያመጣ ላከችው። ታላቁን እጁን እንዲታጠብ አዝዛ፣ አንድ ክንዱን ከትከሻዋ ሥር፣ ሌላውን ከዳሌዋ ሥር እንዲያስገባ ነገረችው። መምህሩ እናቱን አቅፎ የማያውቅ ሰው ነውና ክብደቷም ቅለቷም ግራ ገባው። ሾፌሩ ሳፋውን ሲያስቀምጥ ከአልጋው እግር ጋር አጋጨው።

"ኧረ ቀስ!" አለች እማዬ። "ልጅ ተኝታለች።"