የዓርብ ፋይል

«ስድስተኛውን ፍሪጅ አልጠየቀኝም» አለች ፋርማሲስቷ፣ ዓይኗን ከኃላፊው ጠረጴዛ ሳታነሳ። «እኔ የጠየቀኝን ነው የምመልሰው። ፕሮግራሙ አምስት ካለ በኋላ ዘሎ ሰባት ይላል። ስድስተኛው ባዶ መስሎኝ ነበር።»

ኃላፊው፣ መሥሪያ ቤቱ በሙሉ ጋሼ የሚላቸው ሰው፣ መነጽራቸውን አወለቁ። «ካልጠየቀሽ ታዲያ መዝገቡ ላይ ያለው አራት ተኩል ዲግሪ ከየት መጣ?»

«ፕሮግራሙን የጻፈችው ታውቅ።»

የጻፈችው አጠገቧ ተቀምጣለች። ጭምት ይሏታል። ቅጽል ስሙን ያወጣችላትም ይህችው ፋርማሲስት ናት፣ ሁለቱም የሰባት ዓመት ልጆች ሆነው አንድ ዴስክ ሲጋሩ። አብሮ አደጎች ናቸው፤ አንዷ ስታስነጥስ ሌላዋ መሐረብ የምትፈልግ ዓይነት። ሌላ ሰው ቢሆን ይሄን ሲሰማ ብድግ ይል ነበር። ጭምት ግን ክው ብላ ቀረችና «ምን አበላሽቼ ይሆን?» ብላ አሰበች። አልኳችሁ እኮ፣ ጭምት ናት።

ነገሩ እንደዋዛ የሚታለፍ አልነበረም። ስድስተኛው ፍሪጅ ውስጥ የነበረው የሕፃናት ክትባት ነው፤ ክትባቱ ደግሞ ከሁለት እስከ ስምንት ዲግሪ ካልዋለና ካላደረ ያው ውሃ ነው። ጠጋኙ እንዳለው ፍሪጁ ቀስ በቀስ መሞቅ ከጀመረ ዘጠኝ ቀን ሆኖታል። ዛሬ ጠዋት ሾፌሩ ዕቃ ሊጭን ሲከፍተው ሙቀት ፊቱን መታው። መዝገቡ ግን ዘጠኙንም ቀን ፍሪጁ ሰላም ነው ይላል። በእነዚያ ቀናት አራት መቶ የሚሆኑ ሕፃናት ከዚያ የወጣ መድኃኒት ተወግተዋል። አሁን እናቶቻቸው አንድ በአንድ ተፈልገው፣ ልጆቹ እንደገና ሊወጉና እንደገና ሊያለቅሱ ነው።

«ልጄ» አሉ ጋሼ ወደ ጭምት ዞረው፣ «እስከ ነገ ሦስት ሰዓት ጊዜ አለሽ። ፕሮግራምሽ ከራሱ ቁጥር የሚፈጥር ከሆነ ሥራሽ እዚህ ያበቃል። ደብዳቤውን እኔው ነኝ የምፈርመው።»

ዱሮ የፍሪጆቹ ሙቀት የሚመዘገበው ወረቀት ላይ ነበር። ወረቀቱም ወር ሲሞላ በአንድ እስክሪብቶ፣ በአንድ መቀመጫ ይሞላ ነበር። ጭምት ስክሪፕቷን፣ ያን ትንሽ ፕሮግራም፣ የጻፈችው ይህን ጉድ ለማስቀረት ነው። በጋሪ የሚዞር ላፕቶፕ ላይ ጥቁር መስኮት ይከፈትና «ፍሪጅ 1 ስንት ይላል?» ብሎ ይጠይቃል፤ ከዚያ ሰው አንብቦ፣ ቁጥሩን ጽፎ፣ «ኢንተር» የሚለውን ቁልፍ እስኪጫን ዝም ብሎ ይጠብቃል። ፊደል ብትጽፉለት «ቁጥር ነው ያልኩት» ይላል። ከስምንት በላይ ብትጽፉለት ይጮኻል። ምንም ካልጻፋችሁለት ቀኑን ሙሉ እዚያው ተገትሮ ይውላል እንጂ ወደ ሁለተኛው ፍሪጅ አያልፍም። በየቀኑ ጠዋት ሁለት ሰዓት ላይ አሥራ ሁለት ፍሪጅ፣ አሥራ ሁለት ጥያቄ።

የፋርማሲስቷ ቤት ፍሪጆቹ ካሉበት የምድር ቤት መጋዘን ጀርባ ስለሆነ ሰባቱንም ቀን ሥራው የእሷ ሆነ። መጀመሪያ ላይ አማርራ ነበር። «ይሄ ነገርሽ መርማሪ ፖሊስ ነው እንዴ? ሰው ሰላም አይልም?» አለቻት። ጭምት ሳቀችና በማግሥቱ ከሁሉም በፊት አንድ ጥያቄ ጨመረችላት። ከዚያ ወዲህ ስክሪፕቱ ወደ ፍሪጆቹ ከመሄዱ በፊት «እንዴት አደርሽ እህቴ?» ይል ጀመር። ፋርማሲስቷ ምድር ቤት ሆና የምትጽፈው መልስ ከቁጥሮቹ ጋር ፎቅ ላይ ያለው የጭምት ስክሪን ላይ ይወጣል። ለመሥሪያ ቤት ፕሮግራም እንዲህ ያለ ጨዋታ ምን ይረባል የምትሉ ካላችሁ፣ ጭምትም ታውቃለች። ግን ደስ ይላታል።

ቀጥላ ደግሞ ፋርማሲስቷ «ወዲያ ወዲህ ሲያስብለኝ እግሬን ጨረሰው» ብላ ስሞታ አቀረበች። ጭምትም በእያንዳንዱ ጥያቄና መልስ መካከል ስንት ሰከንድ እንደሚያልፍ ስክሪፕቱ በጎን እንዲይዝ አደረገች። የትኛው ፍሪጅ ጋ ብዙ እንደምትቆም አይታ ቅደም ተከተሉን ልታቀልላት ነበር። ሥራ በዛና የሰከንዶቹን መዝገብ አንድም ቀን ሳትከፍተው ቀረች።

አንድ ሌላም ነገር አለ። ስክሪፕቱን ስትፈትን ፋርማሲስቷ አጠገቧ ነበረች። ጭምት መልሶቹን በየጊዜው እየጻፈች አትደክምም፤ ፋይል ላይ በመስመር በመስመር ታሰፍርና በኪቦርድ ፋንታ ያንን ፋይል ታጎርሰዋለች። ስክሪፕቱም ሰው የጻፈው መስሎት ይውጣል።

«አይለይም?» አለች ፋርማሲስቷ።

«አይለይም። ማን ያታልለዋል ብዬ ነው?»

ሁለቱም ሳቁ። እግረ መንገዷን ስክሪፕቱ በተባለው ሰዓት ራሱ እንዲነሳ ማድረጉንም አሳየቻት። ፋርማሲስቷ የምታየውን ሁሉ መጠየቅ ትወዳለች፣ ጭምት ደግሞ ለእሷ ማሳየት ትወዳለች።

ታዲያ ያን ቀን ከጋሼ ቢሮ እንደወጣች ነገር ዓለሙን ትታ ኮዷ ላይ ተተከለች። ምሳም አልበላች። ከአምስት ወደ ሰባት የሚያዘልለውን ስህተት ፍለጋ እያንዳንዱን መስመር በጣቷ እየተከተለች አነበበች። ጓደኛዋ አልጠየቀኝም ካለች አልጠየቃትም ማለት ነው፤ ይሄን መጠራጠር በሐሳቧም አልመጣ። ስህተቱ ግን የለም። አሥር ሰዓት ገደማ፣ ሌላ የምትከፍተው ስታጣ፣ የረሳችውን የሰከንዶች መዝገብ ከፈተች።

ስድስተኛው ፍሪጅ ተጠይቋል። መልስም ተሰጥቶታል። በዜሮ ሰከንድ።

አምስተኛውም በዜሮ፣ ሰባተኛውም በዜሮ። ከአንዱ ፍሪጅ ወደ ሌላው ላፕቶፑን በጋሪ እየገፉ ለመድረስ ሠላሳ፣ አርባ ሰከንድ ይፈጃል፤ እዚህ ግን አሥራ ሁለቱም ፍሪጆች ዓይን እስኪርገበገብ አልቀዋል። የትናንቱን አየች፣ ያለፈውን ሳምንት አየች፣ ወር ወደ ኋላ ሄደች፣ ሦስት ወር፣ ስድስት ወር። ዜሮ። የሰኞ ቁጥሮች ከሌላ ሰኞ ቁጥሮች ጋር ቁርጥ አንድ ናቸው፣ ማክሰኞም እንዲሁ። አሥራ አንድ ወር ወደ ኋላ ተጉዛ የመጀመሪያውን ዜሮ አገኘችው። ቀኑን ስታይ ቀልቧ ተገፈፈ።

የጭምት እናት ሆስፒታል የተኙበት የመጨረሻው ሳምንት ነበር። በዚያ ሳምንት ፋርማሲስቷ በየጠዋቱ አንድ ሰዓት ተኩል ላይ ትመጣለች። ከአልጋው በስተግራ ተቀምጣ የእናትየውን እጅ ይዛ፣ ከንፈራቸውን በእርጥብ ጥጥ እያራሰች እስከ ቀትር ትቆያለች። «ፍሪጆቹስ?» ብላ ጠይቃት ነበር ጭምት። «ተረኛ ተክቻለሁ፣ አንቺ እሱን አታስቢ» አለቻት። እናትየው ያረፉት ዓርብ ጠዋት ሁለት ሰዓት ላይ ነው። ዓይናቸውን የከደነችው ፋርማሲስቷ ናት። በዚያችው ደቂቃ ግን መዝገቡ ላይ፣ «እንዴት አደርሽ እህቴ?» ለሚለው ጥያቄ፣ ከምድር ቤት እንዲህ የሚል መልስ ሰፍሯል፦ «ዛሬም አብሬሽ ነኝ እህቴ፣ በርቺ።»

ይቺን መስመር ጭምት በቃሏ ታውቃታለች። ከሐዘኑ ወደ ሥራ ከተመለሰች ጀምሮ ዓርብ በመጣ ቁጥር፣ ልክ እናቷ ባረፉበት ሰዓት፣ ስክሪኗ ላይ ትወጣለች። ጓደኛዬ ሰዓቷን እንኳ አልረሳችልኝም እያለች ሆዷ ይባባል፤ ፊቷን ወደ ግድግዳ አዙራ ታለቅስና ሥራዋን ትቀጥላለች። ስለዚህ ነገር ለፋርማሲስቷ አንድም ቀን አንስታላት አታውቅም። እንዲህ ያለ ደግነት ስም ሲሰጡት ይበላሻል ብላ።

ደረጃውን ወረደች። ምድር ቤቱ ውስጥ ፍሪጆቹ ያንኮራፋሉ፣ ስድስተኛው ብቻ ዝም ብሏል። ላፕቶፑ ጋሪው ላይ ነው፤ ጋሪው ላይ አቧራ አለ። ከፈተችው። ሰባት ፋይሎች ተደርድረዋል፣ ከሰኞ እስከ እሑድ፣ ሁሉም የተጻፉት በአንድ ቀን ነው። የዓርቡን ከፍታ እያየች ሳለ ፋርማሲስቷ ቦርሳዋን አንጠልጥላ ገባች። ስክሪኑን አየች፣ ጭምትን አየች፣ ቦርሳዋን አስቀመጠች።

«ለእናትሽ ስል ነው የጻፍኳቸው» አለች።

«ለሰባት ቀን።»

«አዎ፣ ለሰባት ቀን። ከዚያ ሰኞ መጣና ራሱ ሠራ። አላቆምኩትም። በሳምንት አንዴ ዞር ዞር ብዬ አይ ነበር፣ ምንም የተበላሸ ነገር አልነበረም። በኋላ እሱንም ተውኩት።»

«ዓርቡንስ?»

«የቱን ዓርብ?»

ጭምት ፋይሉን ዘጋችው። አሥራ አንድ ወር ሙሉ ያስለቀሰቻትን መስመር፣ የጻፈችው ሰው መጻፏንም ረስታዋለች። ውሸቱ አንጀቷን አቃጥሎት ነበር፤ ይሄኛው ግን ሌላ ነው።

«ዛሬ ጋሼ ፊት ለምን እኔ ላይ አላከክሽው?»

«ልጆች አሉኝ» አለች ፋርማሲስቷ ድምጿን ዝቅ አድርጋ። «አንቺ ጭንቅላት አለሽ፣ ከዚህ ብትወጪ ነገውኑ ይቀጥሩሻል። እኔን ማን ይቀጥረኛል? ደግሞ አንቺ ትችዪኛለሽ ብዬ ነው። መቼም ችለሽኝ ታውቂያለሽ።»

በማግሥቱ ሦስት ሰዓት ላይ ጭምት የሰከንዶቹን መዝገብ አትማ ጋሼ ጠረጴዛ ላይ ዘረጋችው። ጸሐፊዋ ቃለ ጉባኤ ትይዛለች። ጋሼ ወረቀቱን በጣታቸው እየተከተሉ አንብበው ሳይጨርሱ ፋርማሲስቷ ማልቀስ ጀመረች።

«ጋሼ፣ ይሄን ነገር የጀመርኩት የእሷን እናት ሳስታምም ነው። ለእሷ ብዬ ነው። ፋይል ማጉረሱንም ያስተማረችኝ ራሷ ናት፣ ይጠይቋት። የዚያን ሰሞን ጠዋት ጠዋት የት እንደነበርኩ ከእሷ በላይ ማን ያውቃል?»

ጋሼ ቀና አሉ። «ታውቂ ነበር?»

ጭምት አንድ ቃል ብትሳሳት አብራ ትወድቃለች፤ ይህን ሁለቱም ያውቁታል። ጭምት እጆቿን ጭኗ ላይ አደረገች።

«ያሳየኋት እኔ ነኝ፣ ለመፈተኛ። ያን ሳምንት እናቴ ጋ መሆኗም እውነት ነው፤ እጃቸውን ይዛ ነበር። ተረኛ ተክቻለሁ አለችኝ፣ አመንኳት። የቀረውን አሥራ አንድ ወር ግን እኔም ትናንት አሥር ሰዓት ላይ ነው ያየሁት።»

«ከመቼ እስከ መቼ ነው ያስታመመችው? ለቃለ ጉባኤው ነው» አለች ጸሐፊዋ።

ጭምት ቀኖቹን ተናገረች። ጸሐፊዋ ጻፈች፤ የሆስፒታሉን፣ የአልጋውን፣ የዓርቡን ሁለት ሰዓት፣ ሁሉንም በቁጥር አንድ፣ በቁጥር ሁለት። ከዚያ ክፉ ሳምንት ለጭምት የተረፋት አንድ ጥሩ ነገር የጓደኛዋ እጅ በእናቷ እጅ ላይ ማረፉ ነበር። አሁን እሱም የክስ መከላከያ ሆኖ ማኅተም ሊመታበት ነው። ይህን ስታስብ እንባዋ መጣ፣ ግን አላለቀሰችም፤ አብረው የሚያለቅሱ መምሰሉን ጠላችው።

ፋርማሲስቷ ከሥራ ተሰናበተች። ጭምትም ማስጠንቀቂያ ደረሳት፣ ተገቢም ነበር። ጋሼ «ዳግመኛ ፋይል እንዳይቀበል አድርጊው» አሏት። የአራት መስመር ሥራ ነው። ስክሪፕት የሚመጣለት መልስ ከኪቦርድ ይሁን ከፋይል ቢጠየቅ መለየት ይችላል፤ እሷ አልጠየቀችውም እንጂ ድሮም ይችል ነበር። ስትጨርስ መፈተኛ ያስፈልጋት ነበርና የዓርቡን ፋይል አጎረሰችው። ስክሪፕቱ አንዲትም መስመር ሳይውጥ፣ ራሷ ያዘዘችውን ጽፎ ተዘጋ፦ «እዚህ ሰው የለም።»

«እንዴት አደርሽ እህቴ?» የሚለውንም አጠፋችው።

የሚቀጥለው ዓርብ ጠዋት ሁለት ሰዓት ላይ አዲሱ ተረኛ ምድር ቤት ወርዶ ሥራ ጀመረ። ጭምት በልማድ ስክሪኗ ፊት ተቀምጣ ነበር። «ፍሪጅ 1፦ 5» የሚል ወጣ፣ ከሠላሳ ስምንት ሰከንድ በኋላ። «ፍሪጅ 2፦ 4.5»፣ ከአርባ አንድ ሰከንድ በኋላ። ሌላ የሚወጣ ነገር የለም። ያን ዓርብ እናቷን ብቻዋን አስታወሰቻቸው። ለካ ያለፉትንም ዓርቦች ሁሉ ብቻዋን ነበረች።