ሁለቱ ወንበሮች

የዘገየ የግራ ጫማ ሶል ተገንጥሎ ከኋላው ቀረ። ይህንን ያወቀው ጥቂት ከተራመደ በኋላ፣ የተቃጠለ ሳር ጉቶ ውስጥ እግሩን ሲወጋው ነው። ተመልሶ ሶሉን አነሳና አሽቀንጥሮ ሊጥለው ሲል ሚስቱ ሶሊ ደረሰችበት።

"አትጣለው፤ አምጣው።"

"ምን ይሠራልሻል? አልቆለታል።"

"ቁጭ በል አልኩህ።"

አመዱ ላይ ቁጭ አለ። ሶሊ ከቦርሳዋ የፋሻ ጥቅል አወጣች። ሶሉን ከጫማው ጋር ገጥማ፣ ቁስል እንደምታሽግ ጠበቅ አድርጋ ጠቀለለችና ጫፉን በጥርሷ ቀድዳ ቋጠረችው። ነርስ ናት፤ እጇ አይሳሳትም።

"ቁስለኛ አስመሰልሽኝ።"

"ተነስ፤ ፀሐይዋ ሳትበረታ።"

ዙሪያው ማለቂያ የሌለው ሜዳ ነው። የበጋ እሳት ሳሩን ጠራርጎ በልቶ ምድሩን አጥቁሮታል። አልፎ አልፎ አንድ እሾሃማ ዛፍ ለብቻው ቆሟል። አገሩ የእነሱ አይደለም፤ ደቡብ ሱዳን ነው። ሶሊ እዚሁ አገር ባለች ትንሽ ክሊኒክ ከተቀጠረች ዓመት አልፏታል። ጋምቤላ ከተማ ጂኦግራፊ የሚያስተምረው ዘገየ የመንፈቀ ዓመቱን እረፍት አብሯት ሊያሳልፍ መጣ። ሳምንት ሳይሞላው ግን ውጊያ ወደ መንደሩ ተጠጋና ክሊኒኩ ተዘጋ። ያለችው አንዲት መኪና ሕመምተኞችን ጭና ወደ ጋምቤላ እንድትወጣ ሲወሰን፣ ከሹፌሩ ኋላ ያሉት ሁለት ወንበሮች ለባልና ሚስቱ ተያዙ። በዚያው ጠዋት ክሊኒኩ ጋምቤላ ላለው ቢሮው በሬዲዮ ሲያስታውቅ "ነርሷና ባለቤቷ በመኪናው ይመጣሉ" ብሎ ነበር።

እነሱ ግን ይኸው በእግራቸው ናቸው። ትናንት ቀኑን ሙሉ ሄደው፣ ሰው ጥሎት በሸሸ ጎጆ ውስጥ አድረው፣ ዛሬም ከንጋት ጀምሮ እየሄዱ ነው።

"እኔን የሚገርመኝ" አለ ዘገየ ከኋላዋ፣ "አንዲት ቃል እንኳ አላማከርሽኝም።"

"ደግሞ ጀመርክ።"

"ልጀምር እንጂ! ባልሽ አይደለሁም? በሩ ተከፍቶ፣ አንድ እግሬን አስገብቼ፣ 'ውረድ' ነው ያልሽኝ።"

"የፑዎት እግር ሸቶ ነበር ዘገየ። ጋምቤላ ሆስፒታል ካልደረሰ እግሩን ብቻ ሳይሆን እሱንም ልናጣው ነው። ምን ልበለው? 'የኔ ባል መራመድ አይወድም፣ አንተ እዚሁ ሙት' ልበለው?"

ፑዎት የክሊኒኩ ጥበቃ ነው። ቆርቆሮ የቆረጠው እግሩ አመርቅዞ ጉልበቱ ድረስ አብጦ ነበር። መኪናው ሊነሳ ሲል ሚስቱን ኛሬአትን ተደግፎ በሩ አጠገብ ቆሞ ነበር። ውሰዱኝ አላለም። ሶሊ ናት አይታው ከመኪናው የወረደችው። ክንዱን ይዛ እያስገባችው ሳለ ዘገየ ድምፁን ከፍ አድርጎ "እሱ እኮ አገሩ ነው፤ ሰው አያጣም!" አለ። ኛሬአት አማርኛ አትሰማም። የዘገየን ፊት አየች፤ ከዚያ ዝም ብላ የባሏን ብብት ይዛ ከወንበሩ ልታስነሳው ሞከረች። ሶሊ ሁለቱንም በሁለቱ ወንበሮች ላይ አስቀመጠቻቸውና በሩን ዘጋችው።

መንገዱን የነገራቸው ራሱ ፑዎት ነበር፤ ላብ ያጠመቀውን ፊቱን በመስኮቱ አውጥቶ። "ጠዋት ፀሐይ ፊት ላይ ይሁን። ከሰዓት ጀርባ ላይ ይሁን። ወንዝ እንዳትለቅ። ሰው ስታይ አትሩጥ፤ 'ማሌ' በል፤ ሰላምታ ነው።"

ረፋዱ ላይ ከፊታቸው ጭስ ታየ። ሲቀርቡ የከብት በረት ነው፤ ቀንዳቸው የረዘመ ነጫጭ በሬዎችና ላሞች በካስማ ታስረው፣ የኩበት ጭስ ውስጥ ቆመዋል። ከጭሱ መሃል ሰውነታቸውን አመድ የተቀቡ ረጃጅም ወጣቶች ብቅ አሉ። አንዱ ጠመንጃውን ከትከሻው አወረደ።

ሜዳው ባዶ ነው፤ መሸሸጊያ የለውም። እንዲያም ሆኖ የዘገየ ሰውነት በሙሉ ሩጥ ሩጥ አለው። የሶሊን እጅ ጨበጠና "ማሌ" አለ። ድምፁ አልወጣም። ደገመው።

"ማሌ!"

ባለጠመንጃው ወደ ላይ ወደ ታች አያቸው። ዓይኑ የዘገየ እግር ላይ ሲደርስ ቆመ። ለጓደኞቹ አንድ ነገር ተናገረና ሁሉም በአንዴ ሳቁ፤ ጫማ በፋሻ ታሽጎ አይተው አያውቁም መሰለኝ የሚል ሐሳብ በዘገየ ልብ ሽው አለ። እሱም ሳይወድ ሳቀ።

"ማሌ" አለ ወጣቱ።

አንዲት ሴት በቅል ወተት አመጣችላቸው። ጭስ ጭስ ይላል። ዘገየ ግማሹን ጠጥቶ ለሶሊ ሲያቀብላት ሴትዮዋ በእጇ ምልክት እሱን "ጨርሰው" አለችው፤ ለሶሊ ሌላ ቅል አመጣች። ከዚያ ባለጠመንጃው ወጣት ሳይጠየቅ ፊት ፊታቸው እየሄደ እስከ ወንዙ መሻገሪያ ሸኛቸው፤ ታንኳ ያለውን ሰው ጠርቶ አስረከባቸውና እናመሰግናለን እንኳ ሳይሉት ተመለሰ።

ታንኳዋ ስትንቀሳቀስ ሶሊ እጇን ውሃው ውስጥ ነከረችና ፊቷን አበሰች። ከማዶ ያለው ዳር ኢትዮጵያ ነው።

"ሶሊ" አለ ዘገየ።

"እ?"

"ጋምቤላ እንደደረስን መጀመሪያ ሆስፒታል እንሂድ። ፑዎትን ይቅርታ ልጠይቀው።"

ዞር ብላ አየችው። "እሱ እንደሆነ ትኩሳት ላይ ነበር። አልሰማህም።"

"ሚስቱ ሰምታለች።"

"አማርኛ አታውቅም እኮ።"

"ፊቴን አይታለች።"

ሶሊ እርጥብ እጇን ጭኑ ላይ አሳረፈችና እስከ ዳር ድረስ አላነሳችውም።

ከወንዙ ወዲህ ያለችው ማታር ከተማ ሲገቡ ከሱቅ ውሃና ብስኩት ገዝተው ስልክ ጠየቁ። ባለሱቁ ሳቀባቸው። "ኔትወርክ ከጠፋ ሰነበተ ወንድሜ። ነገ ጠዋት አይሱዙ አለ፤ እናንተው ከስልኩ ቀድማችሁ ትደርሳላችሁ።" ዘገየ አልከፋውም። እናቱ ደንግጣ፣ ተቆጥታ፣ ከዚያ አቅፋ አልለቅ ስትለው ታየው።

በማግስቱ ከጭነቱ ላይ አቧራ ሲጠግቡ ውለው ከሰዓት በኋላ ጋምቤላ ደረሱ። ሆስፒታሉ መንገዳቸው ላይ አልነበረም፤ ሶሊ "ገላችንን ታጥበን እንሂድ፤ እንዲህ ሆነን ዋርድ አያስገቡንም" አለች። ከገበያው ባጃጅ ይዘው ወደ ሰፈራቸው ታጠፉ።

ድንኳኑን ያየው ዘገየ ነው።

ደጃቸው ላይ ነው። የእድሩ ድንኳን፣ መንገዱን ግማሽ ይዞ ተተክሏል። አግዳሚ ወንበሮች ተደርድረዋል፤ ጥቁር የለበሱ ሴቶች ይገባሉ ይወጣሉ። ቤቱ ውስጥ ከእናቱ በቀር ሌላ ሰው አይኖርም።

"እሙዬ!" አለ። እናቱን እሱም ጎረቤቱም እሙዬ ነው የሚላት። ባጃጁ ሳይቆም ዘለለ። "እሙዬ! ወይኔ እናቴን! ወይኔ ሳልደርስልሽ!"

ደረቱን እየመታ ወደ ድንኳኑ ሮጠ። ለቅሶ ሊደርስ የመጣ ሰው መስሏቸው ሰዎቹ እንደ ወጉ ብድግ አሉ። ቀና ብለው ሲያዩት ግን የፊተኞቹ ወደ ኋላ አፈገፈጉ። ጎረቤታቸው ባለሱቋ ነጅሚያ የውሃ ብርጭቆ የደረደረችበትን ትሪ ይዛ ነበር፤ ትሪው ከእጇ አመለጠ።

"ቢስሚላሂ!" አለች። "ቢስሚላሂ፣ ቢስሚላሂ…"

ዘገየ ድንኳኑ መሃል ደርሶ ቆመ። እናቱ ፍራሽ ላይ ተቀምጣለች፤ ፀጉሯ ተላጭቷል፣ ጉንጯ ተቧጥሯል። ከጎኗ ባለች ትንሽ ጠረጴዛ ላይ የእሱና የሶሊ የሰርግ ፎቶ በጥቁር ጨርቅ ተከቦ ቆሟል።

ያየውን ማመን አቃተው። እናቱን አየ፤ ፎቶውን አየ፤ እንደገና እናቱን አየ። ከኋላው ሶሊ "ምንድን ነው? ምንድን ነው ይሄ?" ስትል ይሰማዋል።

እሙዬ አልጮኸችም። በጉልበቷ እየዳኸች መጣችና እግሩን ያዘች፤ ከዚያ በሱሪው እየተንጠላጠለች ተነሳች። እጁን ነካች። አንገቱን ነካች። መዳፏን ጉንጩ ላይ ለጥፋ ቆየች።

"ይሞቃል" አለች በሹክሹክታ። ከዚያ ወደ ሰዉ ዞራ "ኧረ ሰዎች፣ ልጄ ይሞቃል!"

ድንኳኑ ተናወጠ። ለቅሶው ሳይቆም እልልታው ገባበት። አንዲት ሴት ወደቀች፤ ሌሎቹ ሶሊን ጎትተው አስገብተው ይስሟት፣ ያሻሿት፣ ይቆነጥጧት ጀመር። የእድሩ ዳኛ ጋሽ ከፈለ ዱላቸውን ጥለው በሁለት እጃቸው የዘገየን ትከሻ ያዙ።

"የቢሮው ሰዎች ናቸው ያረዱን" አሉ። "መኪናዋ ድንበር ሳትደርስ ተመታች፣ ተቃጠለች አሉ። የተረፈ የለም፤ ነርሷና ባሏም ውስጧ ነበሩ አሉ። ሬሳ እንኳ የሚለይ አልሆነም ብለው… አንተ ልጅ፣ ከየት መጣህ?"

"በእግር" አለ ዘገየ። የሚናገረው ሌላ ሰው መሰለው። "በእግራችን ነው የመጣነው።"

ሶሊ በሴቶቹ መሃል ሳለች ሰማች። ከእጃቸው አምልጣ መሬት ላይ ዝርፍጥ ብላ ተቀመጠች።

"ተመስገን!" እሙዬ ወደ ላይ አንጋጣ ትጮኻለች። "ከዚያች መኪና ያወጣህልኝ አምላክ፣ ተመስገን!" ሰዉ ሁሉ ተቀበላት። "ተመስገን! ተመስገን!"

በዚህ መሃል ቢየል መጣ። በዘገየ ትምህርት ቤት ሂሳብ ያስተምራል፤ የፑዎት ታናሽ ወንድም ነው። ሁለት ቀን ሙሉ ለለቅሶተኛው እጅ ሲያስታጥብ ነበር፤ ማንቆርቆሪያው አሁንም በእጁ ነው። ጉንጩ ላይ እንባ እየወረደ ይስቃል።

"ዘገየ! ወንድሜ!" አንገቱን አቀፈው። "በእግር ነው ያልከው? ታዲያ ፑዎትም አብሯችሁ ነዋ! የት ቀረ? ማታር ነው? ያ ሰነፍ፣ ደክሞኛል ብሎ ማታር ቀረ አይደል?"

ዘገየ ሶሊን አያት። አፏን በሁለት እጇ ይዛ ራሷን ትነቀንቃለች።

እሱ ቢያሸንፍ ኖሮ፣ ያን ጠዋት የጮኸው ጩኸት ቢሰማለት ኖሮ፣ ዛሬ ፑዎት እዚያ ሜዳ ላይ በሕይወት ይኖር ነበር፤ ይህ ድንኳንም ትክክለኛ ድንኳን ይሆን ነበር። ሐሳቡ መጣበትና የሚይዝበትን አጣ።

"ቢየል" አለ፣ "እግሩን ታሞ ነበር። በጣም ታሞ ነበር። መራመድ አልቻለም። ሶሊ… ቦታችንን ለሱና ለኛሬአት ሰጠቻቸው።"

"የምን ቦታ?"

"የመኪናውን።"

"የየትኛውን መኪና?" አለ ቢየል።

ቢየል ማንቆርቆሪያውን እንዳይደፋ ተጠንቅቆ መሬት አስቀመጠው። ክዳኑን አስተካከለ። ከዚያ ሁለት እርምጃ ወደ ኋላ ሄዶ ሰው ከተነሳበት አግዳሚ ወንበር ጫፍ ላይ ተቀመጠ። ለሁለት ሟቾች ሁለት ቀን ያለቀሰ ሰው፣ የራሱ ሞት ሲመጣበት እንባ አጣ።

እልልታው ውጭ ይቀልጣል። የሰማ ሁሉ እየሮጠ ይመጣል። የእድሩ ወጣቶች በደስታ እየተጯጯሁ ካስማ መንቀል ጀምረዋል፤ አንደኛው የድንኳኑ ማዕዘን ቁልቁል ተንጠለጠለ። ነጅሚያ ለስላሳ መጠጥ በሳጥን አስይዛ እየመጣች ነው።

ዘገየ ወጥቶ ገመዱን ያዘ።

"ጋሽ ከፈለ፣ ይቁም።"

"ምኑ ይቁም?"

"ድንኳኑ።"

"ኧረ በስመ አብ በል ልጄ! ለሕያው ሰው ድንኳን አይቆምም። ሟርት ነው።"

"ለኛ አይደለም። ለፑዎትና ለኛሬአት ነው። ቢየል ውስጥ ተቀምጧል።"

ሽማግሌው አጮልቀው ወደ ውስጥ አዩ። ሲመለሱ ድምፃቸው ዝቅ ብሎ ነበር። "አዝናለሁ። ከልቤ አዝናለሁ። ግን ደንቡን ታውቃለህ፤ የእድሩ ድንኳን የሚወጣው ለአባልና ለአባል ቤተሰብ ነው። ነገ እድርተኛው ሲጠይቀኝ ለማን አቆምኩ ልበል?"

"ለወንድሜ በሉ።"

ጋሽ ከፈለ የዘገየን ፊት ረጅም ጊዜ አዩት። ወጣቶቹ ካስማ እንደያዙ ይጠብቃሉ።

"መልሳችሁ እሰሩት" አሉ በመጨረሻ።

ዘገየ ተመልሶ ገባ። ሶሊ ቀድማው ቢየል አጠገብ መሬት ላይ ተቀምጣለች። ከጠረጴዛው ላይ የሰርግ ፎቷቸውን አነሳና ለነጅሚያ "ቤት አስገቢልን" ብሎ ሰጣት፤ ጥቁሩን ጨርቅ ግን ባለበት ተወው። ከዚያ በቢየል ሌላኛው ጎን ተቀመጠ።