በቃ፣ ሞቋቸዋል

እኔ ስናደድ አፌ አይያዝም። የስፌት ማሽኔ ክር ሲበጥስብኝ እንኳ እረግመዋለሁ። ታናሽ ወንድሜ፣ ቤት ውስጥ «ብሎን» የምንለው፣ ይህን ጠባዬን እያወቀ ነው እንቁላሎቹን እንዳላሞቅ የከለከለኝ።

እንቁላሎቹ ደግሞ እንዲሁ እንቁላል አይደሉም። አባዬ ዕድሜውን ሙሉ እየመረጠ ያራባቸው፣ ጀርባቸው ነጭ ነጠብጣብ ያለበት ዶሮዎች ነበሩን። እሱ ካረፈ በኋላ አንድ ውሻ አጥር ጥሶ ገባና ፈጃቸው። የተረፈው እማዬ ያን ዕለት ጠዋት የሰበሰበችው አንድ ሳህን እንቁላል ነው። እነሱ ካልተፈለፈሉ የአባዬ ዶሮዎች ዘራቸው ጠፋ ማለት ነው።

በዚያው ሰሞን የእማዬ የዓይን ኦፕሬሽን ቀጠሮ ደረሰ። «ይቅርብኝ፣ እነሱን ለማን ጥዬ?» አለች። ብሎን «አንቺ ታከሚ፣ እኔ አለሁላቸው» ብሎ የእንጨት ሳጥን ሠራ። ውስጡ አምፖልና የሙቀት መለኪያ አለ። የሚያዛቸው ሊኑክስ የሚባል ሥርዓት የተጫነባት፣ የክብሪት ቀፎ የምታህል የኮምፒውተር ቦርድ ናት። ስልካችን ላይ የሳጥኑን ገጽ ከፍተን ሙቀቱን እናያለን፤ «አብራ» የሚለውን ስንነካ አምፖሉ ይበራል።

ለሙከራ መጀመሪያ አንድ ብርጭቆ ውሃ አስገባ። ጉድ የፈላው ያኔ ነው። እኔ ከሱቄ ሆኜ «ውይ፣ ቀዝቅዞ!» ብዬ አበራሁ። እሱ ሲያጠፋ አክስቴ አበራች። እማዬም ለጎረቤት ስታሳይ አበራች። ብሎን ሳጥኑን ሲከፍት ውሃው ሊፈላ ትንሽ ነው የቀረው።

«እናንተ ሰዎች፣ በፍቅር ልትቀቅሏቸው ነው!» አለ።

ከዚያ አሠራሩን ቀየረው። አሁን ገጹ አምፖሉን አያዝም፤ ይጠይቃል እንጂ። የሚወስነው ቦርዷ ላይ ያለው ፕሮግራም ነው። ሙቀቱ ከበቃ እምቢ ይላል። አምፖሉ በርቶ መለኪያው አልጨምር ካለም መለኪያውን ስለማያምን አጥፍቶ ይጠብቃል። «ትንሽ ብርድ ይችላሉ፣ እሳት ግን አይችሉም» አለን ብሎን። ለእምቢታው ሁሉ የጻፈው መልስ አንድ ነው፦ «በቃ፣ ሞቋቸዋል፤ ተዉአቸው።» ልጆች ሳለን ጫጩቶቹ ላይ ጨርቅ ስንደራርብ አባዬ የሚለን ይህንኑ ነበር።

«ለእኔ ለታላቅህ እንኳ እምቢ ይላል?» አልኩት።

«በተለይ ለአንቺ፣ እትዬ።»

እንቁላሎቹ ሳጥኑ ውስጥ ገቡ። እማዬ ኦፕሬሽን ሆና፣ ዓይኗ ታስሮ ሆስፒታል አልጋ ላይ ተኝታ፣ እኔ አጠገቧ ገጹን ስከፍት ሙቀቱ ቁልቁል ይወርዳል። «አብራ» ነካሁ። «በቃ፣ ሞቋቸዋል።» ደግሜ ነካሁ። «ተዉአቸው።» ደሜ ፈላ! እየቀዘቀዙ ሞቋቸዋል ይለኛል እንዴ? ብሎን ጋ ብደውል አያነሳም።

«ምን ሆኑ?» አለች እማዬ።

«ምንም አልሆኑም።»

«ድምፅሽን አላውቀውም? የአባትሽ ናቸው፤ ሩጪ።»

እግሬ አውጪኝ አልኩ። መንገድ ላይ ወሰንኩ፤ አምፖሉን ከዚያች እልኸኛ ቦርድ ነቅዬ ግድግዳው ሶኬት ላይ በቀጥታ እሰካዋለሁ። ቤት ስገባ አክስቴ ሳጥኑ አጠገብ ቆማለች። «ቅድም ሳልፍ ክዳኑን ከፍቼ አየት አድርጌያቸው ነበር፣ ምንም አልነካሁም» አለች ሳልጠይቃት። የአምፖሉን ሽቦ ነቅዬ ሶኬቱ ላይ ላደርሰው ስል ስልኬ ጮኸ።

«እትዬ፣ ጥሪሽንም ገጹንም አሁን ነው ያየሁት፤ ምንም ከመንካትሽ በፊት እጅሽን ሳጥኑ ውስጥ አስገቢ» አለ ብሎን።

እየተሳደብኩ አስገባሁ። እንቁላሎቹ ሞቀዋል። መለኪያው ነው አክስቴ ክዳኑን ስትከፍት ወጥቶ፣ ከክዳኑ ውጭ ተንጠልጥሎ ቀዝቃዛው ግድግዳ ላይ የተለጠፈው። በቀጥታ ሰክቼው ቢሆን ኖሮ የአባዬን ዶሮዎች በገዛ እጄ ቀቅዬአቸው ነበር። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች የሚባለው ለእኔ ነው፤ ያውም እኔ የምለቅመው አይኖረኝም ነበር። ሽቦውንም መለኪያውንም ወደ ቦታቸው መለስኩ። ትንሽ ቆይቶ፣ ማንም «አብራ» ሳይል፣ አምፖሉ በራሱ በራ። አክስቴን ልቆጣ አስቤ አቀፍኳት።

እማዬ ቤት ገብታ የዓይኗ ማሰሪያ በተፈታ ማግስት ተፈለፈሉ። ሁሉም አይደሉም፤ ግን ከበቂ በላይ ናቸው። አንዱን መዳፏ ላይ አስቀመጥንላት። ወደ ዓይኗ አስጠጋችው፤ ጀርባው ላይ ያለውን ነጭ ነጠብጣብ በጣቷ ነካ ነካ አደረገችው፤ የአባዬን ስም ጠራች።

እኔ መቼም መቀመጥ አልችልም። ትራስ አመጣሁ፣ ነጠላ አለበስኳት፣ በላዩ ብርድ ልብስ ጨመርኩ። ሌላ ልደርብ ስል እጄን ያዘችኝ።

«በቃ፣ ሞቆኛል፤ ተይኝ ልጄ።»

ብሎን በሳቅ ፈረሰ። ልሰድበው አፌን ከፈትኩና ተውኩት። ብርድ ልብሱን እንዳቀፍኩ እማዬ አጠገብ ተቀምጬ አለቀስኩ።