የሲኞር አቲሊዮ ግራ ዓይን

ትርፌ እባላለሁ፤ እዚህ በውጭ አገር፣ ሴንቴኒያል በምትባል ከተማ አንድ ጣሊያናዊ ሽማግሌ እንከባከባለሁ። ሲኞር አቲሊዮ ዕድሜያቸውን ሙሉ ተዋናይ ነበሩ፤ ታዋቂ ግን እንዳይመስላችሁ። መድረክ ላይ አሥራ አንድ ዓመት ትሪ ይዘው ገቡ፣ ወጡ። በሬዲዮ ድራማ ፈረስ ነበሩ። ፊልም ላይ ደግሞ ሠላሳ ስምንት ጊዜ ሞተዋል፤ አንድም ጊዜ ፊልሙ እስኪያልቅ አልቆዩም።

የሚኮሩት በዕንባቸው ነው። ካሜራው በግራ ከሆነ በግራ ዓይናቸው ብቻ፣ በቀኝ ከሆነ በቀኙ ብቻ ያነባሉ። መድኃኒታቸውን ስሰጣቸው የትኛውን እንደምፈልግ ይጠይቁኛል። ግራውን ካዘዝኩ ኩልል ብሎ ይወርዳል። ጉድ እኮ ነው።

ታዲያ ባለቤታቸው ኖርማ አምና ስትሞት አንዲት ጠብታ አልወጣቸውም። ልጃቸው ሲልቪያ፣ ለማያውቀው ሰው ስልሳ ዓመት ሲያለቅስ ኖሮ ለእናቴ እምቢ አለ ብላ ተቀየመቻቸው። ከዚያ ወዲህ ከመድኃኒት ሰዓት በቀር አታናግራቸውም፤ ይህ ነገር እየገደላቸው ነው። ለእኔ እንደነገሩኝ፣ ቀብሩ ላይ የመጣችው ያቺው የትወና ዕንባቸው ነበረች፤ እሷን ለኖርማ ማፍሰስ አፍረው ዋጧት።

ባለፈው ቅዳሜ የዕድራችን አባል ኃይሌ የእናቱን መርዶ ተረዳ። ለቅሶ አልቀር፣ ሽማግሌውን ብቻቸውን አልተው ነገር፤ ሲልቪያ ሥራ ላይ ነበረች። አድራሻውን ቴክስት አደረግኩላትና መልስ ሳልጠብቅ ሲኞሩን ይዤ ኃይሌ ወደሚኖርበት ሰፈር ወደ ግሪን ቫሊ ራንች ነዳሁ። ኃይሌ ቤት በር ላይ ፓርክ አድርጌ፣ ዝም ብለው እንዲቀመጡ አስጠነቀቅኳቸው።

ገብተው ተቀመጡ። የሚያለቅሱትን ሴቶች እንደ ዳይሬክተር አንድ በአንድ ካዩ በኋላ፣ ሦስተኛዋ እንዳበዛችው ሹክ አሉኝ። በክርኔ ጎሸም አደረግኳቸው።

የዕድሩ ሊቀመንበር ጋሽ ደምሰው ፈረንጁ ማን እንደሆኑ ጠየቁኝ። እኔ አፌ አያርፍ፣ ሚስታቸው እንደሞተችባቸው፣ ለቅሶ የደረሳቸውም ሰው እንደሌለ ተናገርኩ። አምና መሆኑን ልጨምር ስል ቀደሙኝ። ሐዘንተኛ አጠገባቸው ተቀምጦ እሳቸው ዝም ብለው! ጋሽ ደምሰው ደንግጠው ተነሡ፤ ቤቱም ተከትሏቸው ተነሣ። አርባ ሰው ተራ በተራ «እግዚአብሔር ያጽናዎት» እያለ ጨበጣቸው። ኃይሌ ራሱ የገዛ ሐዘኑን ትቶ አጠገባቸው ተቀመጠ። ለቀስተኞቹ የሟችን ስም ጠየቁኝ፣ ነገርኳቸው። ያቺ ሦስተኛዋ ሴት ደረቷን እየመታች «ወይኔ ኖርማ! ኖርማዬ!» ብላ ቤቱን አናወጠችው። አይታት እንኳ አታውቅ!

ሲኞር አቲሊዮ መጀመሪያ ግራ ገባቸው። ከዚያ ንፍጣቸው ሳይቀር እየወረደ እንደ ሕፃን ተንሰቀሰቁ። እኔም አለቀስኩ፣ ምን ላድርግ።

በዚህ መሀል ሲልቪያ ደረሰች። ልታባርረኝ እንደመጣች ፊቷ ይናገራል። አርባ ሐበሻ የእናቷን ስም እየጠራ ሲያለቅስ ስታይ በሩ ላይ ደርቃ ቀረች። ከዚያ አባቷን አየችና ፊቷ ይብስ ጠቆረ።

«ይሄ ደግሞ የትኛው ፊልም ነው?» አለች።

መጥታ ፊት ለፊታቸው ተንበረከከች። አገጫቸውን ይዛ ፊታቸውን ወደ መስኮቱ አዞረች፤ ግራውን አየች፣ ቀኙን አየች። ዕንባው ከሁለቱም ይወርዳል።

«ፓፓ» ብላ ራሷን ጉልበታቸው ላይ ጣለች። ጋሽ ደምሰውም ለልጅቷ ወንበር እንዲመጣ አዘዙ፤ አርባው ሰው እንደገና ተሰለፈ።