ልጅ ያላት መበለት

አገርነሽን ከቁንዝላ ወደ ባሕር ዳር ያመጣት ልጇ ብሩክ ነው። ባሏን ጣና ከወሰደው ወዲህ ዓሣ እየሸጠች ያስተማረችው አንድ ልጇ እሱ ብቻ ነበር። ፋብሪካ ተቀጥሮ ደመወዝ ሲያገኝ «ነይ፣ አብረን እንኑር» አላት። ሚስት ሲያገባ ግን ቤቱ ጠበበና ሹም አቦ ሰፈር አንዲት ክፍል ተከራየላት። ቆይቶ ስልኳን ማንሳትም ተወ።

ዓይኗ ስለፈዘዘ ፈትላ መብላት አልቻለችም። ጎረቤቷ ሸምሲያ ከምታበስለው እያካፈለች አቆየቻት፤ ክረምቱ ሲገባ ግን የሸምሲያም ሱቅ ተቀዛቀዘ።

ቤተ ክርስቲያኑ ለችግረኞች በቆሎ ያድላል ሲባል ሰምታ ሄደች። እደላውን የሚመሩት መምሬ ወልደ ጻድቅ ያውቋታል።

«ብሩክ እያለልዎ?» አሉ። «ልጅ ያላትን መበለት ልጇ ይጡራት ነው ትምህርቱ። ይቺ እህል ማንም ለሌላቸው እንኳ አልበቃች።»

«እውነትዎን ነው፣ መምሬ።» ልጇን በሰው ፊት ማማት አልሆነላትም።

ከዚያው ወደ ብሩክ ቤት ሄደች። ግቢ ሳያስገባት በሩ ላይ ቆሞ ሰማት።

«እማ፣ እኔ አስራቴን አጓድዬ አላውቅም። ድሃ መርዳት የቤተ ክርስቲያን ሥራ ነው። እዚያ ሂጂ።»

«ከዚያ ነው የመጣሁ፣ ልጄ።»

«እንግዲያ ደግመሽ ንገሪያቸው» ብሎ በሩን ቀስ አድርጎ ዘጋው።

አጥሩ ሥር ተቀመጠች። ዝናቡ ሲበረታ ተነሥታ ወደ ቤተ ክርስቲያኑ ተመለሰች።

«መምሬ፣ ልጅ የለኝም» አለች።

«ብሩክስ?»

«ነበረኝ። አሁን የለኝም። እንዲህ ካላልሁ የማይሰጡኝ ከሆነ፣ ይኸው አልሁ።»

መምሬ የሚያጽናና ቃል ጀምረው ተዉት። በቆሎውን በእጃቸው ሰፍረው በነጠላዋ ጫፍ ቋጠሩላት። «ልጁን እኔ አነጋግረዋለሁ» አሉ።

«ይተዉት።»

ቤቷ ገብታ እህሉን ከጎኗ አስቀመጠችና የልጇን ስም እየጠራች ሙሾ አወረደች። ሸምሲያ ሻርፗን እንኳ ሳታስተካክል ሮጣ ገባች።

«እትዬ፣ ብሩክ ምን ሆነ? ሞተ?»

«አልሞተም። የለኝም ብዬ በቆሎ ተቀበልሁበት።»

ሸምሲያ እሳት አያይዛ ከበቆሎው ቆላችላት። አገርነሽ ፊቷን ወደ ግድግዳው አዙራ እንቢ አለች። ኋላ ረኃቡ አሸነፋትና እያለቀሰች ቆረጠመችው።