ለማኅደር የተሠራች ኮምፒዩተር

ሐጂ በድሩ የሱቃቸውን ጥግ ለልጃቸው ለረውዳ አዋሷት እንጂ አልሰጧትም። ጥጉ በጨርቅ መደርደሪያውና በግድግዳው መካከል የተረፈ ቦታ ሲሆን አንድ ጠረጴዛና አንድ በርጩማ ይይዛል። ረውዳ እዚያ ተቀምጣ የከተማቸውን የፒያሳ ሰፈር የተበላሹ ኮምፒዩተሮች ትጠግናለች። ሐጂ ባንኮኒው ጋ ቆመው ጨርቅ እየለኩ፣ በየመሐሉ ወደ ጥጉ ዞር ይሉና ስንት ጣቃ እንደሚይዝ በዓይናቸው ይገምታሉ።

«የዒድ ጨርቅ ሊገባ ነው» አሏት አንድ ቀን። «ሰው የሠራውን መጠገን ሥራ አይደለም አልልም፤ ግን የሰው ሥራ ነው። አንድ ዕቃ ራስሽ ሠርተሽ ሽጪ። ገዢው ይዞት ካልተመለሰ ጥጉ ያንቺ ነው። ተመልሶ ከመጣ ጣቃ ይገባበታል።»

«ጨርቅስ አይመለስም እንዴ?»

«የኔ ጨርቅ?» አሉ ሐጂ። ነገሩ በዚህ አበቃ።

በዚያው ሳምንት መሪጌታ ተክለ ጊዮርጊስ መጡ። ከከተማው ደብሮች በአንዱ ቅኔ ያስተምራሉ፤ ለጥምጥማቸው የሚሆነውን ሻሽ ከድሮ ጀምሮ የሚገዙት ከሐጂ ነው። ቅኔ አንዴ ተቀኝተውት የሚቀር ነገር ነው። መሪጌታ ግን ተማሪዎቻቸው ከሚቀኙት ሸጋ ሸጋውን በኮምፒዩተር ጽፈው ለማቆየት ቆርጠዋል። ትከሻቸው ላይ ያንጠለጠሉትን ባዶ ማኅደር፣ ያንን ባለጠፍር የመጽሐፍ ቆዳ፣ አውርደው ጠረጴዛዋ ላይ አኖሩት።

«መምህሬ የሰጡኝ ነው። በዚህ ውስጥ የምትገባ ትሁን።»

ረውዳ ልክ ያለው ነገር ትወዳለች። ሜትሩን ከአባቷ አንገት ላይ ወስዳ የማኅደሩን ቁመት፣ ወርድና ጥልቀት ለካች፤ የቆዳውን ውፍረት ሳይቀር ለካች። መሪጌታ ከቤት ደብር፣ ከደብር ቤት ሊሸከሟት እንደሆነ ስለገመተች ምክንያቱን አልጠየቀችም።

ሁሉም ነገር የሚሰካበትን ሰሌዳ፣ ስንዝር በስንዝር የሆነውን፣ ከቀጭን የብረት ሣጥኑ ጋር ከአዲስ አበባ በአውቶቡስ አስመጣች። ኃይል መስጫው ለብቻው እንደ ላፕቶፕ በገመድ ከውጭ ሆነ። ትልቅ የማቀዝቀዣ ፋን ስለማይገባ አጭሩን መረጠች። አገጣጥማ ስትጨርስ ማኅደሩ ውስጥ ብትከታት ልክክ አለች።

«አሁን ትጽፋለች?» አሉ መሪጌታ።

«አሁን ምንም አታውቅም። ሶፍትዌር ይጫንባታል። ሁለት መንገድ አለ፤ አንዱ ይኸው።» ፍላሽ አውጥታ አስያዘቻቸው። «ዊንዶውሱም፣ የግእዝ ፊደል መጻፊያውም ተጭኖ ያለቀ ግልባጭ ነው። ሻይዎን ሳይጨርሱ ይገለበጣል።»

«ከማን ተቀበልሽው?»

«ከአጎቴ ልጅ፣ ከሱሀይብ።»

«ሱሀይብስ ከማን ተቀበለ?»

«አዘዞ ካለ አንድ ልጅ።»

«የአዘዞውስ?»

«ከመርካቶ ነው አለ።»

«የመርካቶው መምህር ማን ይባላል?»

ረውዳ አታውቅም። ቅኔ ቤት ውስጥ አንድ ሰው ከማን እንደተማረ፣ ያም መምህር ከማን እንደተማረ ካልተናገረ የመምህርነት ወንበር አያገኝም። መሪጌታ ፍላሹን በሁለት ጣታቸው ይዘው መለሱላት።

«ሁለተኛው መንገድስ?»

«ሊኑክስ የሚባል አለ። ከሠሪዎቹ ዘንድ በኢንተርኔት አውርጄ ከባዶ እጭናለሁ። ግን ይዘገያል።»

«ይዘግይ።»

ዘገየ። መብራት በሄደ ቁጥር ማውረዱ ይቋረጥና ይቀጥላል። ወርዶ ሲያልቅ መሪጌታ በርጩማ ስበው ተቀመጡ። ፋይሉ ሳይጎድል መድረሱ የሚታወቀው ሠሪዎቹ ባወጡት አንድ ረጅም የፊደልና የቁጥር ድርድር ነው፤ ከወረደው ፋይል የሚሰላው ድርድር ከእሱ ጋር መግጠም አለበት። መሪጌታ የፈረንጁን ፊደል የሚያውቁት ከመድኃኒት ብልቃጥ ላይ ነበር። ቢሆንም እሷ ስታነብ እሳቸው ጣታቸውን እያስኬዱ አረሙ። ከመጀመሪያዋ ፊደል ጀምሮ አልገጠመም።

«ምን ያህል ቢጎድልበት ነው?»

«ቅንጣት ብትጎድል ድርድሩ በሙሉ ይለወጣል።»

«ሸጋ ሕግ ነው» አሉ መሪጌታ። «እንደገና ይውረድ።»

እንደገና ወረደ፤ ገጠመም።

«መሪጌታ» አሉ ሐጂ ከባንኮኒው፣ «ሻሽ ሲገዙም እንዲህ ክሩን ቢቆጥሩ ኖሮ እኔ ይኼኔ ሱቄን ዘግቻለሁ።»

«እቆጥራለሁ እንጂ። ዝም ስለምል ነው።»

መሪጌታ ኮምፒዩተራቸውን በማኅደር አንግተው ሄዱ። ሐጂም ጥጉን መገመት ተዉ። ሳምንት ሳይሞላ ግን መሪጌታ ማኅደራቸውን እንዳነገቱ በሩ ላይ ቆሙ።

«ምነው መሪጌታ?» አለች ረውዳ።

«ታንቀላፋለች። ሁለት ቅኔ ጽፌ ሦስተኛውን ስጀምር ጭልም።»

ሐጂ ሜትሩን ከአንገታቸው አውርደው የጥጉን ግድግዳ ለኩ።

ረውዳ ገመዱን ለወጠች፣ ሚሞሪውን ነቅላ መልሳ ሰካች፣ ከዚያ ጠረጴዛዋ ላይ አብርታ ተወቻት። አላንቀላፋችም። በማግስቱም አላንቀላፋችም። ሱሀይብ ብቅ ብሎ አይቶ ሳቀ።

«ያንን ሊኑክስሽን አጥፊና ግልባጩን ጫኚባት። መሪጌታ በምን ያውቃሉ?»

የዒድ ጨርቅ ከተማው ሊገባ ጥቂት ቀርቶት ማክሰኝት መድረሱ ተሰምቷል። የረውዳ እጅ ፍላሹ ላይ አርፎ ቆየ። ነገር ግን ሶፍትዌሩ እዚህም እዚያም አንድ ነው፤ እዚህ ትሠራለች፣ እዚያ አትሠራም። የተለየው ቤቱ ነው። ፍላሹን መሳቢያ ውስጥ ከታ፣ ኮምፒዩተሯን ይዛ ወደ መሪጌታ ቤት ሄደች።

ቤቱ ከደብሩ ቅጥር ጀርባ ያለ አንድ ክፍል ነው። ስክሪኑ በአልጋው ራስጌ ጠረጴዛ ላይ ቆሟል።

«እንደ ሁልጊዜው ይሥሩ፤ እኔ ልይ» አለቻቸው።

መሪጌታ አበሯት። እስክትነሣ ጠበቁ። ከዚያ ሕፃን እንደሚያለብስ ሰው ቀስ ብለው ማኅደሩ ውስጥ ከተቷት፤ ክዳኑን ደፉ፣ ጠፍሩን አሰሩ፣ ግድግዳው ላይ ካለው ችካል ሰቀሏት። ገመዶቹ በክዳኑ ሥር ተንዠርግገው ወጡ። መሪጌታም ተቀምጠው መጻፍ ጀመሩ።

ረውዳ ወደ ተሰቀለችው ኮምፒዩተር ጠጋ አለች።

«ሁልጊዜ ያለብሷታል?»

«ታዲያ ራቁቷን ልስቀላት?»

«መስቀሉስ?»

«ቅኔ ያለበት ነገር የትም ይጋደማል እንዴ?»

ሁለተኛው ቅኔ እስኪያልቅ ጠብቃ እጇን በክዳኑ ሥር ሰደደች፤ ወዲያውም መዝዛ አወጣችው። የቆዳውን ውፍረት እንኳ ለክታ ነበር። ለምን እንደሆነ ግን አልጠየቀችም።

«ግላለች መሪጌታ። እንዳትቃጠል ብላ ነው የምትዘጋው። አየር ያስፈልጋታል።»

«ብራና እዚህ ውስጥ ስንት ዘመን ይኖራል።»

«ብራና አይግለውም።»

መሪጌታ አሰቡበት። «እውነት ነው» አሉ። «ራቁቷን ግን አትሰቀልም።»

ተያይዘው ወደ ሱቅ ሄዱና ጉዳዩን ለሐጂ አቀረቡ፤ የሚሸፍንም፣ የሚያስተነፍስም ጨርቅ ይፈለጋል። ሐጂ ሻሽ ቆረጡ። ረውዳ አልብሳ፣ አብርታ፣ ከቆይታ በኋላ ዳሰሰችና አሁንም ትግላለች ብላ ራሷን ነቀነቀች። አጎበር ስታለብሳት ቀዝቃዛ ሆነች።

«አጎበር የወባ ነው» አሉ ሐጂ። «ከኔ ሱቅ እንዲህ ለብሳ አትወጣም።»

«እኔም አልሰቅላትም» አሉ መሪጌታ።

በመጨረሻ ፊቷ ሻሽ፣ ጎንና ጀርባዋ አጎበር ሆነ። ሐጂ ራሳቸው ከስፌት መኪናው ቁጭ ብለው ሰፉት፤ ጠርዙንም ቀመቀሙት። ከቀትር እስከ ማታ ስትሠራ ዋለች፤ አላንቀላፋችም።

ሁሉም ሲረጋጋ ረውዳ ጠረጴዛዋን ማራገፍ ጀመረች።

«ምን እያደረግሽ ነው?» አሉ ሐጂ።

«ተመልሳ መጥታለች አባዬ። ከተመለሰ ጣቃ ይገባበታል ብለሃል።»

ሐጂ መነጽራቸውን አወለቁ።

«ሰው ኮት ጠበበኝ ብሎ ቢመጣ የምቀበለው ኮቱን ነው ሰውየውን?»

«ኮቱን።»

«እንግዲህ የተመለሰው ማኅደሩ ነው። እሱን ደግሞ አንቺ አልሠራሽውም።»

«ማኅደሩማ የመምህሬ ነው» አሉ መሪጌታ እያነገቱት። «አይመለስም።»

«ታዲያ የተመለሰ ነገር የለም» አሉ ሐጂ።

በማግስቱ የዒድ ጨርቅ ገባ። ሐጂ መደርደሪያው ላይ ጠቅጥቀው ደረደሩት፤ አንድ የአጎበር ጣቃ ብቻ ተረፈ። እሱን ረውዳ ጠረጴዛ ሥር፣ እግሯን ከምትዘረጋበት ቦታ፣ ገፍተው አስገቡት።